ዳኑታን ልናረዳ ክራኮቭ ሄድን

ውዴ ጌቱዬ፣

ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ አራተኛው ወር ተያዘ። ለሞተ ሰው እንዴት ነህ ይባል እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ግን ልማዴ ነውና እንዴት ነህ? እኔ ደህና ነኝ። ስንዱ ኮስተር ብላ ደህና ነኝ ካለች ተናዳለች ማለት እንደሆነ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። አዎ፣ ተናድጃለሁ። ቀንቻለሁም። በሞተ ባሏ የምትቀና ሴት አለች ቢሉኝ እኔም አላምን ነበር።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ጓሮ ያለው ሎሚህ ዘንድሮ እንደ ጉድ አፈራ፤ ለጎረቤት ሁሉ ባድል ባድል አላልቅ አለኝ። ትራክህን ወደቡ ላይ ሁልጊዜ ከኋላህ ይሰለፍ የነበረው ልጅ ወሰደው፤ በሩ ላይ የተጻፈውን ስምህን አልፍቅም ብሎኛል። ሜሮን ሳን ሆዜ ቤት ተከራይታ ወጣች፤ ማውንቴን ቪው ያለው ቢሮዋ ከዚያ ይቀርባታል፤ እሁድ እሁድ ትመጣለች። እኔ አሁንም በርክሌ ሆስፒታሉ ውስጥ እሠራለሁ። የምተኛው በአንተ በኩል ነው። በቀደም የሳሎኑ ምንጣፍ ጠልፎኝ በጉልበቴ ወደቅኩ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ማን ይበለኝ? ተነሥቼ ምንጣፉን ጠቀለልኩት።

ስልክህን አልዘጋሁትም። ኩሽና ውስጥ፣ ማይክሮዌቩ አጠገብ፣ ቻርጅ ላይ ነው። ሜሮን በመጣች ቁጥር «ማሚ፣ ላይኑን ካንስል እናድርገው እንጂ» ትለኛለች። የማልዘጋው በሷ ምክንያት ነው። በሜሮን አይደለም፤ በዳኑታ።

እስቲ ስለ ዳኑታ እንነጋገር፤ በሕይወትህ እያለህ በወጉ አልተነጋገርንም። ለትምህርት ፖላንድ ሄደህ፣ ክራኮቭ ስለ ማዕድን ስትማር ቋንቋ ያስተማረችህ ልጅ ናት። ያስተማረችህ ደግሞ አሮጌውን ከተማ በእግር እያዞረችህ፣ በሩን በር፣ ድንጋዩን ድንጋይ እያስባለች ነው። ከዚያ ጓደኛህ ሆነች። ይህን ገና እንደተዋወቅን ነገርከኝ። ምነው በደበቅከኝ! ብትደብቀኝ አንድ ቀን ደርሼበት፣ ተጣልተን እንገላገል ነበር። በግልጽ ለነገረኝ ሰው በምን ልጣላ?

እና ዕድሜዬን ሙሉ በሆዴ ይዤው ኖርኩ። ኦክላንድ ሐይቁ ዳር እሁድ በእግራችን ስንዞር፣ «ክራኮቭ ቢሆን እኮ ይሄኔ የጨርቅ ገበያው ጋ ደርሰን ነበር» ትለኛለህ። አንድ ቀን እወስድሻለሁ፣ እያንዳንዷን ድንጋይ አስጎበኝሻለሁ እያልክ ቀረህ። ገላህን ስትታጠብ የምታፏጫት ዜማ ነበረች። ሁልጊዜ መሃል ላይ ትቆርጣታለህ። እኔ ከውጭ «ጨርሰው እንጂ!» ብዬ እጮሃለሁ፤ አንተ ትስቃለህ። ረስቶት ነው እያልኩ ኖርኩ።

ሜሮን ኮምፒውተር ላይ የዳኑታን ስም ጽፋ ያገኘቻትን ቀን ታስታውሳለህ? ቱሪስት አስጎብኚ ሆናለች፤ ቢጫ ጃንጥላ ይዛ ትስቃለች። አንተ ምን አደረግክ? መነጽርህን ፈለግክ። ቤቱን ሙሉ ዞረህ ፈልገህ፣ አድርገህ፣ ጎንበስ ብለህ አየሃት። ለእኔ ፎቶ መነጽር አድርገህ አታውቅም።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በፈረንጅ ገና ዋዜማ ጠዋት ትደውልላት ጀመርክ። እዚያ የእራት ሰዓት ነው፣ ቤተሰብ ሁሉ የሚሰበሰብበት፤ እንኳን አደረሳችሁ ማለት ወግ ነው አልከኝ። ሎሚው ሥር ቆመህ በዚያ ሽውሽው በሚል ቋንቋ ታወራለህ፤ እኔ ሳህን የማጥብ መስዬ ውሃውን ዘግቼ መስኮቱ ሥር እሰማለሁ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ሳቁ ግን ይገባኝ ነበር።

አምና ግንቦት ሄድክ። ገና መጣ። ዋዜማው ጠዋት ኩሽና ቆሜ ሳለ ስልክህ ጠራ። አንተ ሳትደውል ስትቀርባት እሷ ደወለች። ስሟ ስክሪኑ ላይ ወጣ፣ ጠፋ፣ እንደገና ወጣ። አላነሳሁትም። በክፋት አይደለም፣ ግን መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። ሜሮን «ጀስት ቴክስት አድርጊያት» አለችኝ። መርዶ በቴክስት! ይህቺን ልጅ ምን ብለን ነው ያሳደግናት አልኩ።

ምክር ፈልጌ ከአስመራ የመጡት ጎረቤታችን ጋሽ ሀብቴ ጋ ሄድኩ። ያንተን መርዶ ለወንድምህ ለመንገር ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ሳክራሜንቶ ድረስ የነዱት እሳቸው ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው፣ «ስንዱ ልጄ፣ የምታለቅስለት ሰው ካለች ማልቀስ አለባት። ሰው ሳታረጂ ሙት ዓመቱን ልታወጪ ነው?» አሉኝ። «እሺ እንዴት ላድርግ፣ ጋሼ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «እንደ ወጉ ነዋ። በአፍ፣ በጠዋት፣ ከቤቷ፣ የሚደግፋት ሰው አጠገቧ አቁመሽ።» ፖላንድ መሆኑን የረሱ መስሎኝ ነገርኳቸው። አልረሱም። «ፕሌን የለም እንዴ?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አላለኝም። ለቅሶህ የኔ ነው ብዬ ነበር። በሕይወትህ ካካፈልኳት አይበቃም ወይ? ግን ደግሞ ላያት ፈለግኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ? ስወላውል ሙት ዓመትህ አልፎ፣ ነሐሴ ላይ ከሜሮን ጋር ተሳፈርን። ማታ ደርሰን፣ በማግስቱ ከመንገሬ በፊት እንደ ማንም ቱሪስት የእግር ጉብኝቷ ውስጥ ገብቼ እንድሄድ ሜሮንን ለመንኳት። በሷ ስም ተመዘገብን። «ማሚ፣ ዚስ ኢዝ ስቶኪንግ» አለችኝ። ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ሰውን በድብቅ መከታተል መሆኑን ሳትነግረኝም አውቃለሁ።

ከአሮጌው ከተማ በር ሥር ተሰበሰብን። ቢጫዋ ጃንጥላ ከሩቅ ታየችኝ። ዳኑታ ስድሳዎቹን እያገባደደች ነው፤ አጭር ነጭ ፀጉር፣ ቀጥ ያለ ወገብ። ቆንጆ ናት። ይኸው አልኩልህ። በእንግሊዝኛ የምታወራው ፊቷን ወደ እኛ አዙራ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ነው። መሬቱ ሁሉ ጎርበጥባጣ ጥርብ ድንጋይ ነው፤ እኛ እግራችንን እያየን እንንገዳገዳለን፣ እሷ ሳታይ የት ከፍ የት ዝቅ እንደሚል ታውቃለች። አንተም አብረህ ወደ ኋላ ስትራመድ ታየኝ።

አደባባዩ እንዳልከው ሰፊ ነው። የጨርቅ ገበያውም አለ፤ አሁን ጨርቅ ሳይሆን ለቱሪስት ጌጣጌጥ ነው የሚሸጥበት፤ ይህን አልነገርከኝም። እዚያ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ግንብ አለው፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። ሁለት ወንድማማቾች ሠሯቸው ይባላል አለች ዳኑታ። ታላቁ ታናሹ እንዳይበልጠኝ ብሎ ቀንቶ ገደለው፤ ቢላዋውም ይኸው ብላ በገበያው መግቢያ ላይ የተሰቀለ የዛገ ብረት አሳየችን። ቱሪስቱ ሁሉ ፎቶ አነሣ። እኔ ቢላዋውን አየሁት፣ ቀጥዬ እሷን አየኋት። ሜሮን ክንዴን ያዘችኝ።

እዚያው ቆመን እያለ ሰዓት ሞላና ከረጅሙ ግንብ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ጌቱዬ፣ ያንተ ፉጨት ነው። የሻወር ቤቷ ዜማ። መሃሉ ላይ፣ ልክ አንተ የምትቆርጣት ቦታ ላይ፣ ተቆረጠ። ዳኑታ አስረዳች፤ በድሮ ዘመን ጠላት ሲመጣ ያየ ዘበኛ ጥሩምባ ሲነፋ ቀስት ጉሮሮውን ወጋው ይባላል፤ ስለዚህ እስከ ዛሬ በየሰዓቱ እዚያችው ላይ ይቋረጣል። ይህን ሁሉ ዘመን ጨርሰው እያልኩ ስጮህብህ ማለቂያው ያ ነበር ማለት ነው። ለምን አልነገርከኝም? አንድ ነገር ለብቻህ ማስቀመጥ ፈልገህ ነው? ጥሩምባውን ሁለታችሁም ታውቁታላችሁ፣ እኔ ብቻ አላውቀውም ነበር።

የባሰው ግን ገና ነበር። ከአደባባዩ ወጥተን ጠበብ ያለ መንገድ ስንገባ ከፊታችን ይሄድ የነበረ ወፍራም ጎረምሳ ድንጋይ አደናቀፈውና በግንባሩ ሊደፋ ሆነ። ዳኑታ ቀኝ እጇን ወደፊት ወርወር አድርጋ «እኔን!» አለች።

እኔን! በአማርኛ። ቃሏን ሳብ አድርጋ፣ እጇን እንደ አንተ ዘርግታ። ሜሮን «ወት?» አለች ጮክ ብላ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ታስታውሳለህ፣ እኔና አንተ እንዴት እንደተዋወቅን። በርክሌ ከአውቶቡስ ስወርድ የያዝኩት ፌስታል ተበጥሶ ተደናቅፌ፣ የማላውቀው ሰው ከኋላዬ «እኔን!» አለኝ። ዞር ብዬ ሳይህ እጅህ ገና እንደተዘረጋ ነበር። ሐበሻ ሁሉ እኔን ይላል፤ እንደዚያ እጁን ዘርግቶ፣ እውነትም በኔ ፈንታ ሊወድቅ እንደፈለገ ሰው የሚል ግን ከአንተ ሌላ አላየሁም። የኔ ነው ብዬ ነበር። ለካ አንድ ከተማ ሙሉ ታውቀዋለች!

ጎረምሳው ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቃት። ዳኑታ ቆመች። ተማሪ ሳለሁ ከኢትዮጵያ የመጣ ጓደኛ ነበረኝ አለች። እኛ ሰው ሲወድቅ «ተጠንቀቅ» ነው የምንለው፣ ከወደቀ በኋላ ምን ያደርግለታል? እሱ ግን «በአንተ ፈንታ እኔን ያድርገኝ» ይል ነበር፤ ከሱ ለመድኩት፣ ይኸው እዚህ ድንጋይ ላይ ለሚወድቅ ሁሉ እላለሁ። ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀችና ይህን ጨመረች፤ አሁን ካሊፎርኒያ ነው፣ ትልቅ ትራክ ይነዳል፣ በየገናው ይደውልልኛል። አምና ስደውል አላነሳም፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል፤ ዘንድሮ ይደውላል።

ጌቱዬ፣ እዚያ ላይ ነው ቅናት ያነደደኝ። ስለ ፀጉሯ አይደለም፣ ስለ ወገቧም አይደለም። እሷ ዘንድ አንተ አልሞትክም! ትራክህን እየነዳህ ነው፣ ሥራ በዝቶብሃል፣ ዘንድሮ ትደውላለህ። እኔ ሄይዋርድ መቃብርህ ድረስ ሄጄ ሳርህን የማጸዳ ሴት፣ እሷ ደግሞ በሕይወት ያለ ጌታሁን አላት። ባሌን በቁሙ ይዛው ቀረች አልኩ። አሁኑኑ ጮኼ ልነግራት አሰኘኝ። መልሼ ደግሞ አልነግራትም፣ አንድ ቦታ እንኳ በሕይወት ይኑር አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ ከሷ ጋር ይኑር? ከኔ ጋር ሞቶ? አይሆንም አልኩ። ሜሮን «ማሚ፣ አር ዩ ኦኬ?» ስትለኝ ደህና ነኝ አልኳት፤ ያው የምታውቀውን ደህና ነኝ።

ጉብኝቱ አንድ አረንጓዴ በር ፊት አለቀ። የተወለድኩትም የምኖረውም እዚህ ፎቅ ላይ ነው፣ ከአስጎብኚ ቤት ደጅ የሚያልቅ ጉብኝት ሌላ አታገኙም ብላ አሰናበተችን። እኔን ስትጨብጠኝ ፊቴን ትንሽ አየት አደረገች። ሳልናገር ሄድኩ።

ሆቴል ገብቼ ተኛሁ እንጂ አልተኛሁም። ጋሽ ሀብቴ ያሉት ነው የሚመላለስብኝ። እሷ ስልክ ስትጠብቅ፣ ዘንድሮም ሳይደወል ሲቀር፣ ያን ጊዜ ረሳኝ ብላ ብትከፋብህስ? አንተን ሰው እንዲከፋብህ አልፈልግም፤ ከኔ በቀር። በጠዋት ሜሮንን ቀሰቀስኳት።

አረንጓዴው በር ጋ ስንደርስ ገና መንገዱ ባዶ ነው። ደጋፊ ሰው ያስፈልገን ነበር። ከበሩ አጠገብ ቀለበት የመሰለ ዳቦ የምትሸጥ ሴት ጋሪዋን እያሰናዳች ነው። ሜሮን «ማሚ፣ ፕሊስ፣ ፖሊስ ነው የምትጠራብን» አለችኝ። በስልኳ ጻፊልኝ አልኳት፤ እዚህ ፎቅ ላይ ለምትኖረው ለዳኑታ የሞት ወሬ አምጥተናል፣ በአገራችን ለብቻዋ አይነገራትም፣ እባክሽ አብረሽን ቁሚ። ሴትዮዋ ስልኩን አነበበች፣ እኔን አየች፣ አማተበች። ዳቦውን በጨርቅ ሸፈነችና ቀድማን ደረጃውን ወጣች። ጋሽ ሀብቴ ቢያዩ ደስ ይላቸው ነበር።

ዳኑታ በሩን ከፈተች። መጀመሪያ ዳቦ ሻጯን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሜሮንን። ሜሮን ላይ ቆየች፤ ግንባሯ ቁርጥ ያንተ አይደል? ስምህን ጠራች፤ ሙሉ ስምህን፣ ሳታኮላትፍ። እኔ ፕሌን ላይ ያጠናሁት የእንግሊዝኛ ንግግር ሁሉ ጠፋኝና በአጭሩ ባሌ ነበር፣ ሞቷል፣ አልኳት። ይኸው ነው ያልኩት። አልጮኸችም። እንዳለች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ዳቦ ሻጯ አጠገቧ ሄደች። እኔም የቀረኝን ደረጃ ልወጣ ስል የተበላ እንጨት ጠለፈኝና በጉልበቴ ወደቅኩ።

«እኔን!» አለች ዳኑታ። እንባዋ እየወረደ፣ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ።

ያኔ ነው ያለቀስኩት ጌቱዬ። በቀብርህ ቀን እንዲያ አላለቀስኩም፤ ያን ቀን እንግዳ ነበረብኝ፣ ወንበር በቃ ወይ እያልኩ ነው የዋልኩት። ከሄድክ ወዲህ ወድቄ እኔን ያለኝ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። እጇን ያዝኩት። ሁለታችንም ደረጃው ላይ ሆነን አለቀስንልህ፤ ሜሮን ከታች፣ ዳቦ ሻጯ ከላይ። የዳኑታን ለቅሶ እንኳ ሳልቀናበት አላለፍኩም፤ ድምፅ የላትም፣ እንባዋ ግን ዝናብ ነው።

ቀኑን አብረን ዋልን። እንዴት እንደሞትክ ጠየቀችኝ፤ ሎሚ ልልቀም ብለህ ወጥተህ ዛፉ ሥር ቁጭ እንዳልክ፣ እንዳልተነሣህ ነገርኳት። ስለ ማንኮራፋትህም ነገርኳት፤ እሱን አታውቅም ነበር፣ ደስ አለኝ። እሷ ደግሞ ተማሪ ሳለህ ጎፈሬ እንደነበርክ ነገረችኝ። ጎፈሬ! እኔ ያገኘሁህ በራ ጀምሮህ ነው። ያን ፀጉር እሷ አይታዋለች፣ እኔ አላየሁትም። እንደገና ቀናሁ። ቅናቴ እዚያ ቀረ ብዬ አልዋሽህም፤ ሻንጣዬ ውስጥ ገብቶ ኦክላንድ ድረስ አብሮኝ መጣ።

አሁን ሳህን ሳጥብ የጥሩምባዋን ዜማ አፏጫለሁ። አንተ የምትቆርጣት ቦታ ላይ እቆርጣለሁ። እሁድ ሜሮን ከሳሎን «ፊኒሽ አድርጊው እንጂ ማሚ!» ስትለኝ እስቃለሁ። አንተ ለምን ትስቅ እንደነበር አሁን ገባኝ።

አልረሳህም። እሷም አልረሳውም ብላለች፤ በዚህ ግን እኔ እበልጣታለሁ፣ አልደራደርም። ዘንድሮ የገና ዋዜማ ጠዋት ሎሚው ሥር፣ አንተ በምትቆምበት ቦታ ስልክህን ይዤ እቆማለሁ። ምን እንደምንባባል ገና አላውቅም፤ እንግሊዝኛው ለወሬ እንጂ ለዚያ አይሆንም፣ የእሷን ቋንቋ እንደ አንተ አልችልም፣ የኔን ደግሞ እሷ አንድ ቃል ብቻ ነው የምታውቀው። ሜሮን አሁንም ላይኑን ካንስል እናድርገው ትላለች። አይሆንም እላታለሁ። ስልክህን የማልዘጋው አሁንም በዳኑታ ምክንያት ነው።

የአንተው ስንዱ